ሆደ ባሻ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ሹራቡን ማውለቅ ነው። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው የነበረ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው የይፋት ቆላ ገብቶ ላቡን ይጠርጋል። እኔም ባለፈው ሰሞን እናቴን ልጠይቅ ወርጄ እህቴ ቤት ሁለት ሌሊት አደርኩ። ዛሬ የማወጋችሁ በመጀመሪያው ቀን ማታ ስለሆነው ነገር ነው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ፣ ግቢው ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ቡና ቀርቧል። የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ ነገ የማስረክበው ነው፤ እስቲ እየው» አለችኝ። ለዓመታት እንግሊዝኛ ስላስተማርኩ ደብተር ሲሰጠኝ እስክሪብቶ ማውጣት ልማዴ ነው።

የቤት ሥራው የመጽሐፍ ዳሰሳ ነው፤ እነሱ «ቡክ ሪቪው» ይሉታል። መምህሯ ለተማሪዎቹ ሃያ ቅጽሎች ጽፈው ሰጥተዋል። ሁሉም ሁለት ቃል በአጭር ጭረት ተያይዞ እንደ አንድ ቃል የሚያገለግልባቸው ጥምር ቅጽሎች ናቸው። ከሃያው ቢያንስ ስምንቱን ተጠቀሙ ተብሏል። የእህቴ ልጅ ስምንቱንም በሁለት መስመር ጨርሳቸዋለች። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ ይህ መጽሐፍ በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ፣ ልብ ሰባሪ፣ ሐሳብ ቀስቃሽ፣ ዓይን ገላጭ፣ ፈጣን፣ ድርጊት የበዛበት... እያለ ይቀጥላል።

ጭረቶቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። የፊደል ግድፈት የለም። ግን ርዕሱን አጥፍታችሁ ሌላ ብትጽፉበት ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል። ለወጥ አሠራር መጽሐፍም ሳይቀር!

«መጽሐፉን አንብበሽዋል?» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ!» አለች፤ ቅር ብሏት።

እውነቷን ነው። መጽሐፉ በኤልሳቤጥ ሌርድ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ነው፤ «የቆሻሻው ንጉሥ» ብንለው ያስኬዳል። ሌርድ ብሪታንያዊት ስትሆን በወጣትነቷ አዲስ አበባ አስተምራለች። ታሪኩም የአዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ታሪክ ነው። ልጅቷ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ታውቀዋለች። ታዲያ ይህን ሁሉ የምታውቅ ልጅ ስትጽፍ ለምን ምንም እንዳላነበበች ሆነች?

መምህሯን አልወቅስም። እኔም በማስተምርበት ዘመን እንዲሁ ነበርኩ። ቅጽሎቹን በቀይ እያሰመርኩ እቆጥር ነበር፤ ስምንት ካገኘሁ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ። ልጆቹም የምቆጥረውን አወቁና የምቆጥረውን ሰጡኝ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ብሷል፤ ያለቀለት ዳሰሳ ቴሌግራም ላይ ይገኛል፤ ገልብጦ ማስረከብ ብቻ ነው።

እናቴ ከረከቦቱ ማዶ ሆና ስትሰማን ቆይታ «ምንድን ነው የምትከራከሩት?» አለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። ልጅቷም ታሪኩን በአማርኛ ታወጋላት ጀመር። እኔ እስክሪብቶዬን ዘጋሁ። ትምህርቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

«ማሞ የሚባል ድሃ ልጅ አለ። እናቱ ሞተችበት። አንድ ሰውዬ አጎትህ ነኝ ብሎ አታሎ ወሰደውና ሩቅ አገር ለገበሬ ሸጠው። ብቻውን ከብት ሲጠብቅ ይውላል።»

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ልጅነቷን ከከብት ኋላ ነው ያሳለፈችው። «አንጀት ይበላል» አለች። «አንጀት በዪ ታሪክ ነው ያነበብሽው።»

«ዳኒ የሚባል ደግሞ አለ፤ የሀብታም ልጅ ነው። ትምህርት አይሆንለትም፤ ተረት መጻፍ ነው የሚወደው። አባቱ ሲጮሁበት ይደነግጣል። በኋላ ከቤቱ ጠፍቶ ጎዳና ይወጣል።»

«ሆደ ባሻ ነዋ!» አለች እናቴ።

እህቴ ከጓዳ ሆና «እንደ ልጄ» ብላ አሳቀችን። የእህቴ ልጅም እየሳቀች ወደ እኔ ዞረችና «ጋሼ፣ ሆደ ባሻ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ከሃያው ቅጽል ዝርዝር ይበልጣል። እስካሁን ቃል ይዛ የሚለጠፍበት ሰው ስትፈልግ ነበር። አሁን ሰውየውን ይዛ ቃል ፈለገችለት። መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

ሆደ ባሻን ቃል በቃል ብንተረጉመው እንግሊዝ አይገባውም፤ ሆዱን ያመመው ሰው ይመስለዋል። እነሱ በትንሽ ትልቁ የሚከፋውን ሰው «ቲን-ስኪንድ» ይሉታል፤ ቆዳው የሳሳ እንደ ማለት። እኛ ሆድ ውስጥ ያስቀመጥነውን እነሱ ቆዳ ላይ አስቀመጡት። ሁለቱ ቃላት ቁርጥ አንድ ባይሆኑም ጎረቤታሞች ናቸው። እናቴም «ቆዳው የሳሳ? እሱም ያስኬዳል» ብላ አጸደቀችው።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ልጆቻችን ጥምር ቅጽልን እንደ ባዕድ ነገር ይሸመድዱታል፤ ግን ከቤታቸው የሚያውቁት ነገር ነው። አያቶቻቸው ቀኑን ሙሉ ሲናገሩት ይውላሉ። ዓይነ አፋር፣ ልበ ቀና፣ አፈ ጮሌ፣ ቀልበ ቢስ፣ መልከ መልካም፣ ስመ ጥር... እነዚህ ሁሉ ሁለት ቃል ተጋብቶ አንድ ሰውን የሚገልጽባቸው ናቸው። የእንግሊዝኛውን አሠራር በአማርኛው በኩል ብናሳያቸው ግማሹ መንገድ ያልቃል። በዚያች ማታ ለእህቴ ልጅ ያሳየኋትን ሦስት መንገድ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛው የ«ባለ» መንገድ ነው። ሸዋ ሮቢት መንገድ ላይ የሚርመሰመሰው ባጃጅ ባለ ሦስት እግር ነው። ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። መጽሐፉም ባለ ሦስት መቶ ገጽ ሊሆን ይችላል። «ባለ ሦስት መቶ ገጾች» አንልም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ከነገረን በኋላ ገጹ በነጠላ ይቀራል። እንግሊዝኛውም ቅጽሉ ከስሙ በፊት ሲመጣ እንደዚሁ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ለማለት «ቴን-ይር-ኦልድ ቦይ» ይላሉ። ዓመት የሚለው ቃል የብዙ ቁጥር «ስ» አይጨመርበትም። ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ይርስ» ብለው ይጽፋሉ። «የአሥር ዓመታት ልጅ» ይባላል ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ስቀው ራሳቸው ያርሙታል። «ልጁ አሥር ዓመቱ ነው» ለማለት ሲሆን ግን እንግሊዝኛው «ስ»ን ይመልሳል፤ ጭረቶቹም ይጠፋሉ።

ሁለተኛው ተደራጊው ቀድሞ አድራጊው የሚከተልበት ነው። ልብ ሰባሪ፣ ልብ አንጠልጣይ፣ ሐሳብ ቀስቃሽ፣ አንጀት በዪ። እንግሊዝኛው በዚህ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ልብን አስቀድሞ መስበሩን ያስከትልና «ሃርት-ብሬኪንግ» ይላል፤ ሐሳብን አስቀድሞ «ቶውት-ፕሮቮኪንግ» ይላል። የማሞን ታሪክ እናቴ አንጀት በዪ ስትለው እንግሊዞች ልብ ሰባሪ ይሉታል። እኛ አንጀታችን ይበላል፣ የእነሱ ልብ ይሰበራል፤ ሐዘኑ አንድ ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ቃላችን ራሱ እንዲሁ ሁለት ቃል ተጋብቶ የተሠራ ነው፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። ልጆቻችን ግን ሺህ ጊዜ ጠርተውት ፈትተው አያውቁትም።

ሦስተኛው የአካል ክፍልና ጠባይ የሚገናኙበት ነው። ልበ ቀና፣ ልበ ደንዳና። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ተራውን ይገለብጠዋል፤ ጠባዩን አስቀድሞ አካሉን ያስከትላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ድ» የሚል ድምፅ ይጨምራል። ልበ ደጉ «ካይንድ-ሃርትድ»፣ ልበ ደንዳናው «ሃርድ-ሃርትድ» ይሆናል።

በሦስተኛው መንገድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሆደ ሰፊ ለእኛ ታጋሽ ሰው ነው፤ ቃል በቃል ቢተረጎም ቦርጫም ይሆናል። እጀ ጠባብ ደግሞ የሰው ጠባይ ሳይሆን ልብስ ነው። ለእህቴ ልጅ ያመጣሁላት ምሳሌ ሰንበቴን ነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አርጎብኛውና አፋርኛው በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። እዚያ ፍየል የሚገዛ ሰው ቃል በቃል እየተረጎመ ቢነጋገር ሳይገዛ ይመሻል። በዚያኛው ቋንቋ ለዚህ ነገር ምን ይላሉ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ይፋት ያደገ ልጅ ይህን ጥበብ ከገበያ ያገኘዋል፤ ክፍል ውስጥም ሊጠቀምበት ይችላል።

ወደ ቡናው ልመለስ። ሁለተኛው ሲደርስ ወሬው ወደ ዳኒ አባት ወደ አቶ ጳውሎስ ዞረ። ልጅቷ «እሳቸው ልበ ደንዳና ናቸው» አለች። ቃሉን በእንግሊዝኛ ስላወቀችው ልትጠቀምበት ቸኩላለች።

እናቴ ግን «ምን ሲያደርግ አየሽው?» አለቻት።

«ይጮሁበታል። ሰነፍ ይሉታል። እናቱ ለሕክምና ውጭ አገር ስትሄድ ደግሞ ከአዲስ አበባ አርቀው ሊሰዱት አሰቡ።»

«ለምን?»

«ጠንካራ እንዲሆን።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የእህቴ ባል አንድም ቃል አልተናገረም። ሽንኩርት ሲያስጭን ውሎ ደክሞት ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ድንገት ቀና ብሎ «እንግዲያው ቁጡ በይው እንጂ ልበ ደንዳና አትበይው» አለ። «ልበ ደንዳና የሚባለው ግድ የሌለው ሰው ነው። ይህ ሰውዬ ግድ አለው፤ አያያዙን ነው ያላወቀበት።»

ዝም አልን። ልጅቷ አባቷን አየችው። እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ ከሁለት ሳምንት በፊት በማርኳ ምክንያት ቤቱ ውስጥ ብዙ ጩኸት ነበር።

«ቁጡስ ምን ይባላል?» አለች ልጅቷ፤ ወደ እኔ ሳትዞር።

«ሾርት-ቴምፐርድ» አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ ጎን «ሃርድ-ሃርትድ»ን ሰረዘችው።

ያ የተሰረዘ ቃል ለእኔ ከስምንቱ ቅጽሎች ይበልጥብኛል። ቅጽል ጌጥ ሳይሆን ፍርድ ነው። ሰውን ልበ ደንዳና ማለት መፍረድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። የመጽሐፍ ዳሰሳ ማለትም ይኸው ነው፤ ቃሉን ማስቀመጥ፣ «ምክንያቱም» ማለት፣ ከዚያ ከመጽሐፉ ውስጥ ምስክር መጥራት። ምስክር ያልተገኘለት ቅጽል ቢያምርም ይሰረዛል። ይህን የለመደ ልጅ መጽሐፍን ብቻ ሳይሆን ጓደኛውን፣ ጎረቤቱን፣ ወላጁንም ሳያጣራ አይፈርድም።

ልጅቷ ልትጽፍ ወደ ውስጥ ስትገባ የእህቴ ባል ጠጋ ብሎ አወራኝ። «እስከ ስምንተኛ ድረስ ደብተሯን አያለሁ፤ አስጠናታለሁ። ዘጠነኛ ስትገባ ከአማርኛው በቀር ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነብኝ። እኔ ደግሞ ያቆምኩት ስምንተኛ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሯን ከፍቼ አላውቅም። የማየው ማርኳን ብቻ ነው።»

ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ሆኗል? ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ በዚያው ዓመት ብዙ አባትና እናት ከልጃቸው ደብተር ላይ እጃቸውን ያነሳሉ። ልጁ ብቻውን ይቀራል፤ በወላጁና በልጁ መካከል የሚቀረው የማርክ ወረቀት ነው። ስለ ወረቀት ደግሞ ከቁጣ በቀር የሚወራ ነገር የለም። ያን ማታ ግን እንግሊዝኛ የማያውቁ ሁለት ሰዎች የልጅቷን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስተካከሉ። የጎደላት እንግሊዝኛ አልነበረም፤ «ምን ሲያደርግ አየሽው?» የሚላት ሰው ነበር።

አማርኛችን ለእንግሊዝኛ እንቅፋት ነው የሚሉ ሲገጥሙኝ የዚያችኑ አካባቢ ሰው እጠቅስላቸዋለሁ። ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ፣ ደብረ ሲና ላይ የተወለደው ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን አሳተመ። መጽሐፉ በአገሬው አነጋገርና በተረትና ምሳሌ የታጨቀ ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፎ ሃይነማን በአፍሪካ ደራሲያን ተከታታዩ ውስጥ አወጣለት። የታመሙ ፊታውራሪ አባቱን ይዞ ወደ ዝቋላ ስለሚወጣ ልጅ የሚተርክ ነው። ዳኛቸው እንግሊዝኛ ሲጽፍ የአገሩን ሰው ጥሎ አልሄደም፤ ይዞት ገባ።

እንግዲህ አባቶች፣ እናቶች፣ አያቶች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ልጁ ያነበበውን መጽሐፍ በአማርኛ ያውጋችሁ። አራት ነገር ጠይቁት። ታሪኩ ውስጥ ማን ማን አለ? ምን ዓይነት ሰው ነው? ምን ሲያደርግ አየኸው? ይህን መጽሐፍ ለማን ትመክረዋለህ? መጨረሻውን ግን እንዳይነግራችሁ፤ ጥሩ ዳሰሳ መጨረሻውን ለአንባቢ ይተዋል። ለዚህ ነው እኔም የዳኒንና የአባቱን መጨረሻ ያልነገርኳችሁ። ቃሉን እናንተ በአማርኛ ስጡት፤ እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላትም ከመምህሩም ይፈልግ፤ ፍለጋው ራሱ ትምህርት ነው።

ልጁ ገና ታናሽ ከሆነ በተረት ጀምሩ። ይህችው ኤልሳቤጥ ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆና በየክልሉ እየዞረች ተረቶቻችንን ሰብስባለች፤ ከእነዚያም በቀላል እንግሊዝኛ ለተማሪዎች የተዘጋጁ አሉ። አያት በአማርኛ የነገሩትን ተረት በእንግሊዝኛ አንብቦ ዳሰሳ የሚጽፍ ልጅ ግማሹን ሥራ ከአያቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ጨርሶታል ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ጽሑፏን ስትጨርስ መሽቶ ነበር። ሁለት መስመር የነበረው ገጽ ተኩል ሆኗል። የመምህሯን ትእዛዝ አላፈረሰችም፤ ስምንቱ ጥምር ቅጽሎች አሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ምስክር አላቸው። ስለ ዳኒ አባት የጻፈችውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ለአባቷ አነበበችለት። «የዳኒ አባት ቁጡ ናቸው፤ ልበ ደንዳና ግን አይደሉም፤ ምክንያቱም የሚጮሁት ልጃቸው እንዳይወድቅባቸው ስለሚፈሩ ነው። ዳኒ ግን ይህን አያውቅም፤ ምክንያቱም ማንም አልነገረውም።»

አባቷ ደብተሩን ተቀበላትና የማያነበውን ገጽ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። «ጥሩ ነው» ብሎ መለሰላት።

ስንት ማርክ እንዳገኘች አልጠየቅኩም። ባለፈው እሑድ እህቴ ስትደውል ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። ባሏ ከሥራ ሲገባ ልጁን «አሁን ደግሞ ምን እያነበብሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል።

መልካም ሳምንት።